የእትዬ ዘነበች ወለል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኢክራም ከሥራ ገብታ ሻሿን ፈታ በሩ ኋላ ሰቀለችው። እኔ ትሪ ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር እለቅም ነበር። ሽታው መጣ። እንደ ተራ ቀለም አይደለም፣ እንደ ቤንዚንም አይደለም። ጣፈጥ ይልና ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ እንደ ሚስማር ይቀመጣል። ትሪው ከጭኔ ወድቆ ምስሩ ተበተነ።

«ምን ሆንሽ ኡሚ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ስንት ዓመት ያለፈውን ነገር አፍንጫዬ እንደ ትናንት አድርጎ አመጣብኝ። የወለል ሥራ ይዣለሁ ስትለኝ ሴራሚክ መስሎኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ ነበር። ለካ ኢፖክሲ የሚሉት ነው። ሁለት ጣሳ ተደባልቆ ሲሚንቶ ሊሾ ላይ ይፈስና ሲደርቅ ፊት ያሳያል። አሁን አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ የመኪናውን ጋራዥ እሱን ያስቀባል አሉ። ለእኔ ግን ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልግም። ይህች ልጅ ገና አንገቷ ሳይጸና እኔና እሷ አብረን ቀምሰነዋል።

ያኔ ከገጠሩ ከቢዮ አዋሌ ተድሬ ድሬዳዋ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ባሌ በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ስለነበረ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። መጋላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ እኔ ኢክራምን አዝዬ በጠዋት ደረቁን ወንዝ፣ አሸዋውን ተሻግሬ ወዲያ ማዶ እትዬ ዘነበች ቤት እሠራ ነበር። ልብስ አጥባለሁ፣ ቤት እወለውላለሁ፣ ሽንኩርት እልጣለሁ። ልጄን ይዤ እንድመጣ ፈቅዳልኛለች፤ ያንን አልክድም። ያደረገችውን ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው የምንለው። ንቀት የለበትም፣ አፋችን እንዲያ ነው። እትዬ ዘነበች ግን ከደጋ የመጣች ናትና እርስዎ ካልተባለች ፊቷ ይጠቁራል። እላት ነበር። አሁን ስጽፍ ግን አንቱ አልላትም፤ እጄም እሺ አይለኝም።

ባሏ መኪና ገዛ። መኪናዋ ከመምጣቷ በፊት ቤት ተሠራላት፣ ቆርቆሮው ከሥር በኮምፔርሳቶ ተሸፈነላት፣ ሙቀት እንዳይነካት። እኔና ልጄ የምንተኛበት ክፍል ጣራው ራቁቱን ነበር። ይሁን፣ ሀብታቸው ነው። ከዚያ የባሏ ወንድም ጅቡቲ አንድ ሰው ቤት እንደ መስተዋት የሚያበራ ወለል አየሁ ብሎ ጣሳዎቹን በመኪና ላከ። እትዬ ዘነበች በየቤቱ እየዞረች አወራችው። ወለሉ ሳይቀባ እንግዳ ጠራች።

የሚቀባ ሰው ግን ከየት ይምጣ? አብዲ ተጠራ። አብዲ ኖራ ቀቢ ነው። ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ መሰላል ላይ ሆኖ ሲቀልድ የሚውል ሰው ነበር። ኢክራምን አለቃዬ ይላታል። «አለቃዬ ዛሬም ተኝታ ልትውል ነው? እኛ እንሥራ፣ እሷ ትተኛ፤ አቦ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ለእኔም ፈልጉልኝ» እያለ ያስቀኝ ነበር።

ወሩ ግንቦት ነው። የድሬዳዋ ዛፍ የሚሉት ቀይ አበባውን መንገዱ ላይ አርግፏል። ጠዋት ከመስጊዱ በር ትኩስ ሳምቡሳ ይሸታል፣ ቀትር ሲሆን ግን ከተማው ሁሉ እንደ ሞተ ነው። የዚህን አገር ቀትር የማያውቅ ሰው አይገባውም። ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል፣ ሴቷ ማራገቢያ ሥር ጋደም ትላለች። አህያው እንኳ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ቀጥሎ ነፋሱ ይነሣና የአሸዋውን አቧራ ይዞ በየቤቱ ይገባል።

አብዲ በጠዋት ሊሾውን አጥቦ ባደረቀበት ላይ ከትልቁ የብረት በር ጀምሮ ወደ ውስጥ ቀባ። ከውስጥ መጀመር ነበረበት፤ እትዬ ዘነበች ግን መጀመሪያ የሚያበራው በመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ይሁን አለች። ግማሹ ተቀባ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ ግራጫ ውኃ የረጋ ይመስላል። የቀረው ግማሽ ከኋላ በኩል ነው። እዚያ ወደ ግቢ የምትወጣ ትንሽ በር አለች።

እንግዲህ ስህተቱ ይኸውላችሁ። ጣሳዎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበበ የለም፤ የፈረንጅ ነው። የሰዓት ሥዕል ግን ነበረበት። አብዲ ግማሹን ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ ሥዕሉን አይቶ፣ ተደባልቆ ይቆይ ማለት ነው አለ። ኖራም እኮ እንደዚያ ነው። በውኃ ተነክሮ ካላደረ አይረባም፣ ሲቆይ ነው ግድግዳ የሚይዘው። ስለዚህ የቀረውን ሁለት ጣሳ አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጦ በእንጨት አማሰለው፣ እርጥብ ጆንያ ከደነበት። በርጫ ውሎ እስኪመለስ ይተኛለት ዘንድ ነው። የድሬ ሰው በቀትር ሥራ አይጀምርም፤ እሱም ያቆየው ለዚሁ ነው።

«ከሞቀ አትፍሪ» አለኝ ሲወጣ። «ኖራም ሲፈላ ታውቂው የለም? ዝም በይው። ብቻ አቧራ እንዳይገባበት ጠብቂ።»

ባልዲውን ልጠብቅ ልጄን ይዤ በትንሿ በር ጋራዡ ውስጥ ገባሁ። ጋራዡ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር፣ መኪናዋ ታድላ። ነጠላዬን ጥግ ላይ አነጠፍኩና አስተኛኋት። እትዬ ዘነበች ትንሿን በር ከውጭ ቀረቀረችብን። የሰፈሩ ፍየሎች ግቢ ይገባሉና ወለሉን እንዳይረግጡባት ብላ ነው። እኔም ምንም አላልኩም። ጫማዬን እንኳ ውጭ አውልቄ ነው የገባሁት።

ትንሽ ቆይቶ ጆንያው መጨስ ጀመረ። እርጥቡ ደርቆ ነው ብዬ ጠጋ ስል ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ባልዲውን በእጄ ብነካው እንደ ምጣድ ነው። ኖራ ነው፣ ኖራ ነው እላለሁ ለራሴ። ከዚያ ነጭ ጭስ ተነሣና ያ ጣፋጭ ሽታ ቤቱን ሞላው። ዓይኔ ተቃጠለ። ኢክራም እንደ መንቃት ብላ ሳለች፤ ሳሉ ደግሞ የሕፃን ሳል አይደለም፣ አየር አጥታ አፏን ትከፍታለች እንጂ ድምፅ አይወጣትም። ብድግ አድርጌ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። ከንፈሯን አየሁት። የዚያን ቀን የከንፈሯን መልክ አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ።

ትንሿን በር ደበደብኩ። በመዳፌ፣ በክርኔ፣ በእግሬ። ብዙ ከደበደብኩ በኋላ የእትዬ ዘነበች ኮቴ መጣ። ተመስገን አልኩ።

«ምንድን ነው? ተኝቻለሁ እኮ» አለች ከውጭ።

ይጨሳል፣ ልጄ መተንፈስ አቃታት፣ ይክፈቱልኝ አልኳት። መቀርቀሪያውን የምትስብ መስሎኝ እጄን በሩ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

«አሁን ነፋስ ነው» አለች። «ከከፈትኩት አቧራው ይለጠፍበታል። አብዲ እስኪመጣ ትንሽ ታገሺ። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ታጋንኛለሽ።»

ታገሺ! በእኔና በእሷ መካከል አንዲት የቆርቆሮ በር ነች ያለችው። እጇን ብታነሣ ይበቃ ነበር። እስከ ዛሬ እኔን የሚያናድደኝ ጭሱ አይደለም፤ ጭስ አያውቅም። አብዲም አላወቀም። እሷ ግን ሰማች። የልጄን ትንፋሽ ሰማች፣ ከዚያ ወለሉን አሰበች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ክፈቺ!» ብዬ ጮህኩ። አንቱታውን ያኔ ጣልኩት። ኮቴዋ ሲርቅ ተሰማኝ። በኋላ ቁልፍ ልታመጣ ነው የሄደችው ያሉኝ ሰዎች አሉ። ምን ቁልፍ? በሩ መቀርቀሪያ እንጂ ቁልፍ የለውም።

የቀረኝ መንገድ ትልቁ የብረት በር ነው። እሱ ከውስጥ ነው የሚዘጋው። በመካከል ያ የሚያበራ ወለል አለ። አላቅማማሁም። በባዶ እግሬ ገባሁበት። እንደ ማር ይይዛል፣ እግሬን ሳነሣ ይስባል፣ ከሥር እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላል። አንድ ጊዜ ተንሸራትቼ በጉልበቴ ወደቅኩ፣ ልጄን ግን ወደ ላይ ይዣታለሁ። ዘንጉን ስቤ በሩን በትከሻዬ ገፋሁትና መንገድ ላይ ወጣሁ።

አዴ ሙንተሃ የምትባል ሳምቡሳ ጠባሽ ከበሩ ማዶ ትቀመጥ ነበር። ምንም ሳትጠይቀኝ ልጄን ነጠቀችኝ። ፊቷን በውኃ አጠበች፣ ዓይኗን አጠበች፣ ጀርባዋን እየመታች ገልብጣ ያዘቻት። ኢክራም አስመለሰችና ጮኸች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ጩኸት አልሰማሁም።

ይኼ ሁሉ ሲሆን የሰፈሩ ፍየሎች በተከፈተው በር ሰተት ብለው ገቡ። ነፋሱም አቧራውን ይዞ ተከተላቸው። እትዬ ዘነበች በግቢው ዞራ ስትመጣ አንዱ ወጠጤ ኮቴው ተይዞ መሃል ወለሉ ላይ ይጮሃል። እኔ ልጄን ታቅፌ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ቆመች። ልጅቷ እንዴት ነች አላለችም።

«ረገጥሽው?» አለች።

አዴ ሙንተሃ ናት የመለሰችላት። «ዓይንሽ ምን ያያል አንቺ? ይቺን ነው ወይስ ወለሉን?»

እሷ ግን እያለቀሰች ነበር፤ ለወለሉ። ሰው ተሰበሰበ። አብዲ ከበርጫው ተጠርቶ መጣ። ገብቶ ባልዲው ውስጥ የተተከለውን እንጨት ቢስብ ባልዲው ራሱ ተነሣ፤ ድንጋይ ሆኗል። ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። «ኖራ አይደለም ለካ» አለ። ከዚያ እትዬ ዘነበች አፈጠጠችበትና ሳቁን ዋጠው። ጠብቂ ብያት ነበር፣ ሲሞቅባት ለምን አልጠራችኝም አለ፣ በእኔ ላይ ዞሮ። ተዘግቶብኝ እንዴት ልጥራው? ያን ጊዜ አለቃዬ የሚላትን ልጅ ዞሮ እንኳ አላያትም። በእሱ የተሰማኝ ሌላ ንዴት ነው፣ እንደ ወንድሜ ነበር የማየው።

እትዬ ዘነበች ወለሉ ደርቆ ሳያልቅ የእግሬን ምልክት በቤንዚን ተንበርክኬ እንዳጠፋ አዘዘችኝ። እምቢ አልኩ። እምቢ የሚለውን ቃል ለትልቅ ሰው ያኔ ነው መጀመሪያ የተናገርኩት። በኋላ በየቤቱ ስትከሰኝ ሁለት ጥፋት ነበር የምትቆጥርብኝ አሉ፤ ወለሏን ማበላሸቴንና አንቺ ማለቴን። የፍየሎቹን ስም አላነሣችም። በርና መቀርቀሪያም በወሬዋ ውስጥ አልነበሩም።

ያን ክረምት ከጤና ጣቢያው ወንበር አልተለየሁም። ልጅቷ ስትተኛ ደረቷ ያፏጫል። እኔ አፍንጫዋ ሥር እጄን አድርጌ ነበር የማነጋው። የእግሬ መዳፍ በጋዝ ቢታሽ፣ በሎሚ ቢታሽ፣ የተጣበቀው ቀለም ቆዳዬን ይዞ ነው የለቀቀኝ። ባሌ ከጅቡቲ ሲመለስ ሄዶ ሊጣላ ነበር፤ እኔ ፈርቼ ያዝኩት። ፈሪ ነኝ። ያ ፍርሃት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ዘመድ ከእኔ ጋር ይኖራል። ኢክራም ሲያስነጥሳት እነቃለሁ።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ምስሩን እየለቀምን ይህን ሁሉ ነገርኳት። የፍየሉ ጋ ስደርስ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ሰዓቱ ቆዩ ማለት ሳይሆን ፍጠኑ ማለት ነው አለችኝ፤ በባልዲ ከተተወ በሙቀት ራሱን ያቃጥላል፣ ስለዚህ እንደተደባለቀ ወለሉ ላይ ያፈሱታል፣ እሱም ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ። የአፍ መሸፈኛም አላቸው። ደስ አለኝ። በሩስ ይከፈታል ወይ አልኳት።

ዓይኗን ምስሩ ላይ ተከለች።

«ባለቤቱ አቧራ ይገባል አለ» አለች ቀስ ብላ።

አልተኛሁም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ተከትያት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ተይ፣ ተመለሺ፣ ሰው ምን ይለኛል ብትለኝ መልስ አልሰጠኋትም። ሥራው ያለበት ቤት አዲስ ነው፣ አጥሩ ገና አልተለሰነም። ኢክራምና አብረዋት የሚሠሩት ልጆች ገብተው ሥራ ሲጀምሩ ባዶ ጣሳ ገልብጬ በጋራዡ በር መካከል፣ ብረቱ በሚዘጋበት ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቱ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ የእኔን ልጅ የሚያክል።

«እናቴ፣ በሩን ልንዘጋው ነው፣ አቧራ ያበላሸዋል» አለኝ።

«ዝጋው» አልኩት። «እነሱ ሲወጡ።»

ፈገግ ብሎ እንደገና አስረዳኝ። ወለሉ ስንት ብር እንደሚፈጅ፣ ነፋስ እንዴት እንደሚያበላሸው ነገረኝ። እኔ ከጣሳዬ አልተነሣሁም። ልጄ ውስጥ ናት አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም፤ ትምህርት ቢኖረኝ ምናልባት የተሻለ ቃል አገኝ ነበር። ባለቤቱ ሠራተኞቹን በጨርቅ መጋረጃ አድርጉበት ብሎ ሄደ። በሩ ሳይዘጋ ዋለ። አቧራም ገብቶ ይሆናል፣ አላውቅም፤ ወለሉን ዞሬ አላየሁትም።

ስንመለስ ኢክራም ከፊት ከፊቴ ነው የምትሄደው። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ። ሕፃን ነኝ እንዴ? ሁለተኛ እንዳትመጪ» አለችኝ ሳትዞር። እራት አቀረብኩላት፣ አልበላም አለች። ይኸው ዛሬም ይህን ስጽፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፣ እንደተኮራረፍን ነን።

ወለል የሚወድ ሰው ክፉ ነው አልልም። ሰው ግን በሩን የሚዘጋበትን ነገር ማየት አለበት፣ ማን ላይ ነው የምዘጋው ብሎ። ይህን ለመጠየቅ ትምህርት አያስፈልግም። ካልጠየቀ ደግሞ እኔ እዚያ እቀመጣለሁ፤ እየፈራሁም ቢሆን እቀመጣለሁ። ልጄ ትቆጣኝ። ደጋግማ ትቆጣኝ። የምትቆጣኝ ልጅ አለችኝ።