ሦስት መሐል ያለው እግር

አሰብ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ሙቀቱ ሰውን ከጥላው ጋር ያጣላ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የገዛ ጥላዬ ሸሽታ ጫማዬ ሥር ስትወሸቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የማያምን ካለ አንድ ሐምሌ እዚያ ይክረም። በዚያ ሰዓት ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል። የእንጨት ሥራ ክፍላችንም ይዘጋል። እኔ ግን ቁልፍ ያዥ ስለነበርሁ ተመልሼ እገባና በመንግሥት ቶርኖ የራሴን ሥራ እሠራለሁ።

ቶርኖ እንጨቱን ከሁለት ጫፉ በሹል ብረት ነክሶ እንደ እብድ የሚያሽከረክር ማሽን ነው። አንተ መሮህን ይዘህ ጠጋ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ፤ እንጨቱ እየዞረ ራሱ ይላጥልሃል። የአልጋ እግር፣ የወንበር እግር፣ የጠረጴዛ እግር። እኔ የሠራሁት የወንበር እግር ቢሰለፍ ከአሰብ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ይገባል፤ ያውም ሳይደክመው።

ያን ሰሞን ግን የምሠራው የሰው እግር ነበር።

ከአጠገቤ ቆሞ ወንበር ሲገጣጥም የኖረ ጓደኛዬ፣ የወሎ አገር ልጅ፣ ወደ ሰሜን ዘምቶ በዓመቱ በሁለት ክራንች ተመለሰ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ሰው ሠራሽ እግር እንዲሰጠው ተመዝግቦ «ተራህን ጠብቅ» ተብሏል። ለእናቱ ግን ትንፍሽ አላለም። በሚጽፈው ደብዳቤ ደህና ነው፣ ወፍሯል፣ የሥራ ብዛት ብቻ ነው ያስቸገረው።

አንድ ቀን ሥራ ክፍሉ ድረስ መጣና ክራንቹን እንጨት የምንጠፍርበት ሞርሳ ላይ አስደግፎ፣ «እናቴ ልትመጣ ነው» አለኝ። «ከፋሲካ በኋላ። የጭነት መኪና ጋቢና አግኝታለች።»

«እሰይ! ቅቤ አየን በለኛ።»

«እግር ሥራልኝ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«የታላቅ ወንድሜን መርዶ የሰማች ዕለት አጠገቧ ነበርሁ» አለ። «አንድ መርዶ ይበቃታል። ሱሪና ጫማዬን አድርጌ፣ ከበሩ እስከ መኪናው በእግሬ ሄጄ ልቀበላት። ከዚያ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«አገሯ ስትመለስ። በደብዳቤ።»

ዋንዛ መረጥሁ፤ ቀላል ነው፣ ቶሎም አይሰነጠቅም። የመጀመሪያውን እግር እንደለመድሁት አዙሬ፣ አለስልሼ፣ ሱሪ አልብሼ አቆምሁት። ጓደኛዬ ዞር ዞር እያለ ተመለከተውና፣ «ሌሎቹ ሦስቱስ የት አሉ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የጠረጴዛ እግር ነበር።

የሰው እግር አንድ መሐል እንደሌለው የገባኝ ያኔ ነው። ጭን ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ባት ወደ ኋላ ያብጣል፣ ቁርጭምጭሚት ደግሞ የራሱ ሐሳብ አለው። ቶርኖ የሚያውቀው ግን አንድ መሐል ብቻ ነው። ታዲያ እንጨቱን ከመሐሉ ሳይሆን ከጎኑ ባስነክሰውስ? ብዬ በየጫፉ ሦስት ሦስት ነጥብ አደረግሁ፤ አንዱ ለጭን፣ አንዱ ለባት፣ አንዱ ለቁርጭምጭሚት። ጭኑን ከጨረስሁ በኋላ እንጨቱን ፈትቼ በባቱ ነጥብ አስነክሼ ማሽኑን አስነሣሁ።

ማሽኑ ወለሉን ይዞ ዘለለ። እንጨቱም ከሹሉ አምልጦ በመስኮት ወጣ። የግቢው አጥር ባይይዘው ኖሮ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ይገባ ነበር። በዚያ ዘመን ያለ መውጫ ፈቃድ ከአገር ሊወጣ የሞከረ ዋንዛ ያ ብቻ ይመስለኛል።

ድምፁን ሰምቶ የክፍላችን ኃላፊ ከነእንቅልፉ ደረሰ።

«ጓድ፣ ምንድን ነው የሚፈነዳው?»

«ጠረጴዛ እየሠራሁ ነው ጓድ።»

እንጨቱን ከአጥሩ ሥር አንሥቶ አገላበጠው። «ይሄ ጠረጴዛ ጭን አለው እኮ።»

«አዲስ ዓይነት ነው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠውን ጓደኛዬንና በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን የሱሪውን እጥፋት አየ። እንጨቱን መለሰልኝ። «መቼ ይደርሳል?»

«ለፋሲካ።»

«እንግዲያ ቀስ አድርገህ አዙረው» አለና በሩን ከውጭ ገርበብ አድርጎልን ሄደ።

ለሦስተኛው እንጨት ፍጥነቱን ቀነስሁ፤ ነጥቦቹንም ከመሐሉ አንድ ጣት ያህል ብቻ አራቅኋቸው። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ስናገር የሚያውቁኝ ሁሉ «ጀመረው ደግሞ» ይላሉ። ይበሉ። ከመሐሉ የወጣ እንጨት ሲዞር ሁለት ይሆናል። ውስጡ ጠጣር እንጨት ነው፤ ዙሪያውን ግን ጭስ የመሰለ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ የሚታይበት ሌላ አካል ይለብሳል። መሮህ መጀመሪያ የሚያገኘው ያን ጭስ ነው። ታ ታ ታ ታ ይላል፤ ግማሹ አየር፣ ግማሹ እንጨት። የሌለውን እያየህ ያለውን ትቆርጣለህ። እኔ ለቅሶ ቤት ቀልጄ የተባረርሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን የክንዴ ፀጉር ቆመ። ጭሱ ውስጥ ባት ነበረ። ገና አልቆረጥሁትም።

ማሽኑን ላጠፋው ስል ጓደኛዬ በአንድ እግሩ እየዘለለ መጣ።

«አታጥፋው!»

«ይታይሃል?»

«እሱ ነው» አለ። «ስተኛ የሚያሳክከኝ እሱ ነው። የለም እለዋለሁ፤ ጣቶቹን ያንቀሳቅስብኛል። ልከክለት እጄን ስሰድ አንሶላ ነው የማገኘው።»

እጁን ወደሚዞረው ጭስ ዘረጋ። «ጣትህንም ልትሰጠው ነው እንዴ?» ብዬ ገፋሁትና ማሽኑን አጠፋሁ። እንጨቱ ቀስ እያለ ሲቆም ጭሱ ተመልሶ ገባበት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እየመጣ ከማሽኑ ፊት ይቀመጥና ያሳየኝ ጀመር። «ትንሽ ወደ ኋላ። ከላይ ወፈር ይላል። እዚህ ላይ አትንካው።» መሮዬ ጠንከር ሲል ፊቱን ያጨማድድና «ቀስ በል እንጂ!» ይለኛል። የጥርስ ሐኪም እንኳ እንደዚያ የሚለማመጠው ሰው አያገኝም። ላቤ በጀርባዬ የሚወርደው ከሙቀቱ ነው ብል ትንሽ ልዋሽ ነው፤ አንዳንዱ ላብ ቀዝቃዛ ነበር።

በመጨረሻ መርገጫውን በመሮ ቀርጬ፣ ጫማ አጥልቄ፣ ላዩን አጎድጉጄ ስፖንጅ አስገባሁና በቆዳ ቀበቶ ወገቡ ላይ አሰርንለት። ጉልበት የሚባል መታጠፊያ የለውም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ እንጨት ነው። «ቆሜ አስተናግዳታለሁ» አለ። ከበሩ እስከ መንገዱ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። መቶ ጊዜ ተመላለስን። ጎረቤታችን ባለሱቁ ከባንኮው ኋላ ብቅ ብሎ፣ «ማሻአላህ! እግሩ ተመለሰ እንዴ?» አለ። አልቀለደም።

መኪናው የመጣው በጠዋት ነው። እናትየው ከጋቢናው ወርደው፣ የቅቤ ቅላቸውን አቅፈው፣ አቧራቸውን እያራገፉ ቆሙ። ልጃቸው ከበሩ ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በልቤ እቆጥራለሁ። ባቱ በሱሪው ውስጥ ሲወጣና ሲገባ ላየ ሰው ከደህናው እግር ይልቅ ደህናው እሱ ነበር። አሥራ አምስተኛው ላይ ፊታቸው ደረሰ።

የዘነጋነው ነገር የመጣው እዚያ ላይ ነው። ልጅ እናቱን ስንት ዓመት ቆይቶ ሲያገኝ ጎንበስ ብሎ ጉልበት እንደሚስም የሁለታችንም እናቶች ዳዴ ሳንል አስተምረውናል። ወር ሙሉ እንዴት እንደሚሄድ እንጂ እንዴት ጎንበስ እንደሚል አንዳችንም አላሰብንም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ቢያቅፋቸው ምን ነበረበት? አልሆነለትም። ገላው ራሱ ዝቅ አለ። የሌለው ጉልበት ታጠፈ።

እንጨቱ አሸዋው ላይ ተንሸራተተና ጓደኛዬ በደረቱ ወደቀ። ከንፈሩ ጉልበታቸውን ይንካ አይንካ አላየሁም። «በሞቴ ተነሥ!» ብለው ሊያነሡት ሲያጎነብሱ እጃቸው ባቱ ላይ አረፈ። ጫን አደረጉት። እንደገና ጫኑት። ከዚያ ሱሪውን ገለጥ አድርገው በጣታቸው አንጓ በቀስታ መቱት፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

ጩኸታቸውን ጠበቅሁ። ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋ። እሳቸው ግን አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

«የት ቀበሩት?»

«ምኑን እማዬ?»

«እግርህን ነዋ።»

«አላውቅም። ያኔ ራሴን አላውቅም ነበር።»

«የወንድምህንም አስከሬን የት እንዳደረጉት የነገረኝ የለም» አሉ። ወደ እኔ ቀና አሉ። «አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ እማማ።»

«ባቱን ከየት አገኘኸው?»

ወደ ጓደኛዬ ጠቆምሁ። «እሱ ነው ያሳየኝ» አልሁ።

«የሱ አይደለም» አሉ፣ እጃቸውን ከእንጨቱ ሳያነሡ። «ይሄ የታላቅ ወንድሙ ባት ነው። ያጠብሁት፣ ቅቤ ያሸሁት እኔ ነኝ፤ አጥቼው ነው?»

ጓደኛዬ አሸዋው ላይ እንደተጋደመ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ሁለት ሳምንት ሰነበቱ። አላለቀሱም፣ ልጃቸውንም አልወቀሱም። እንጨቱን በየጠዋቱ ቅቤ ይቀቡታል፤ የቤቱን በር ግን ማንም እንዲዘጋው አይፈቅዱም። ጎረቤት ሙቀቱን ፈርተው ነው ይል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል የተነሣው ንፋስ ቤቱን አሸዋ ሲሞላው ጓደኛዬ ተነሥቶ በሩን ሊገፋ ሲል፣

«ተወው» አሉት። «የወንድምህ መጥቷል። ያንተው እግር ገና አልደረሰም።»