አሚን ባይ ያጡ ሽማግሌ

ከማስተምርበት ክፍል ሲያወጡኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። «ለአምስት ደቂቃ ነው» አለኝ አንዱ ፖሊስ። ዋሸ። መካነ ሰላም ከተማ ዳር ወዳለ አሮጌ የእህል መጋዘን ወሰዱኝ፤ እስረኛ ሲበዛባቸው እሱን እስር ቤት አድርገውታል። በሩ ሲከፈት የነቀዝ መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰማንያን የዘለሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጥፋታቸው? ልጃቸውን ፈልገው አጡት፣ አባትየውን አመጡ። በቃ ይኸው ነው። ሰው እንደ ዕቃ በመያዣነት ሲያዝ ያየሁት ያኔ ነው።

የመርሳት በሽታ ስላለባቸው የት እንዳሉ እንኳ አያውቁም። ቀን ዝም ይላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ተነስተው ሁለት እጃቸውን ይዘረጉና «አሚን በሉ!» ይላሉ። እኛ ዝም። ሁሉም የራሱን ብሶት ይዞ ተቀምጧል፣ ማን ይሰማቸዋል? «አሚን በሉ እንጂ! ምን ሆናችሁ?» ይላሉ። ድምፃቸው ይጨምራል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ በመጨረሻ በሩን ይደበድባሉ።

የእስር ቤቱ ኃላፊ የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው። «ይሄ ሰውዬ አብዷል» አለና የእንቅልፍ ኪኒን አምጥቶ በግድ አስዋጣቸው። ሐኪም የሚባል አላያቸውም። በማግስቱ ለሃጫቸው እየተዝረበረበ ለሽንት ሲነሱ ወደቁና ግንባራቸው ተፈነከተ። ደሙን በፎጣዬ ያዝኩላቸው። አንድ ሽማግሌ ጮኸ ተብሎ እንዲህ ይደረጋል?

ስንቅ መቀበል የኔ ተራ ሲሆን ሴት ልጃቸውን በሩ ላይ አገኘኋት። ከጅዳ የተመለሰችው እሳቸውን ለማስታመም ነው። ዓይኗ ደፍርሷል፣ ቆማ ታንቀላፋለች። የሆነውን ነገርኳት።

«ወይኔ አባቴን! ኪኒን ምን ያደርግላቸዋል ወንድሜ?» አለችኝ። «ዕድሜ ልካቸውን መንደሩን ሲመርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ማታ አሚን የሚላቸው ካጡ ሰው ሁሉ የሞተ ይመስላቸዋል። እኔ ብቻዬን ስሆን ጎረቤት እጠራለሁ። አሚን በሏቸው፣ አብሽሩ፣ ይተኛሉ።»

አይ እኛ! ወሎዬ ሆነን ምርቃት እብደት መሰለን።

በዚያው ምሽት እጃቸውን ሲዘረጉ ሁላችንም ተነሳን፤ ሙስሊሙም፣ ከደጎሎ ተይዞ የመጣው ዲያቆንም።

«ያረቢ፣ የታሰረውን ፍታ!»

«አሚን!»

«የተሰደደውን ለእናቱ መልስ!»

«አሚን!»

ድምፃቸው እየረጋ መጣ። ይሄኔ ኃላፊው የኪኒን ብልቃጡን ይዞ ገባ። «ስብሰባ ክልክል ነው አላልኩም?» ብሎ ጮኸ። በሱና በሽማግሌው መሀል ገብተን ቆምን። የተነቃነቀ የለም።

ሽማግሌው በትከሻችን ላይ አሻግረው አዩት። «ይህን የተቆጣ ልጅ» አሉ፣ «ሲያረጅ ጧሪ ቀባሪ አታሳጣው። አሚን በሉ!»

ማንም አሚን አላለም። ለዚህ? ሞቼ ነው ቆሜ! ጥርሴን ነከስኩ። እሳቸው ግን ይጠብቃሉ። የተዘረጋው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ኃላፊውም የብልቃጡን ክዳን ከፈተ።

«አሚን» አልኩ። ሌሎቹም ተከተሉኝ። ሽማግሌው በመዳፋቸው ፊታቸውን አብሰው ጋደም አሉ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ኃላፊው የብልቃጡን ክዳን መልሶ ገጥሞ ወጣ።

ከጊዜ በኋላ እሳቸውም ተፈቱ፣ እኔም ተፈታሁ። ይቅርታ የጠየቀን የለም። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸው እየሄድኩ አብሬያቸው አመሻለሁ፤ ያኔ ልጃቸው ትተኛለች። ሌላውን ቀን ጎረቤቶች ተከፋፍለውታል። ማረፍ ለሷም ይገባታል፣ የብረት ሰው አይደለችም።

ሽማግሌው ስሜን አያውቁም። ያ ጎረምሳ ግን ከምርቃታቸው ወጥቶ አያውቅም። «ጧሪ ቀባሪ አታሳጣው» ሲሉ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። ይቅር አላልኩትም፣ አልልምም። አሚን የምለው ለእሳቸው ነው።