የፈታሹ እጆች

በወላጆች ሥልጠና ላይ አብሮን የሚሠለጥን አንድ አባት ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ የጥበቃ ዩኒፎርሙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። አሠልጣኟ አንድ ቀን፣ «ልጅ እያሉ ሲያለቅሱ ማን ነበር የሚያባብልዎት?» ብትለው፣ «የአባቴን ኮቴ ስሰማ ራሴው ዝም እል ነበር» አላት። ይህን ሰው ማሠልጠን ውሃ መውቀጥ ነው አልኩ በልቤ።

ዛሬ ወደ ሥልጠናው ይዟት የመጣት ትንሿ ልጁ ስትጫወት ወደቀችና እየጮኸች ወደ እሱ ሮጠች። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ሰው ሲፈትሹ የሚውሉት እጆቹ በልማድ ብብቷ ሥር ገቡና ቀጥ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ጀርባዋ ላይ ተገናኙ።

«አልቅሺ የኔ እናት፣ አለሁ።»

ሁላችንም እፎይ አልን። እሱ ግን አላየንም። ጉንጯን እንዳይቆረቁራት የአንገቱን ቁልፍ እየፈታ ነበር።