ወንድሜ የሳቀበት አቡጀዲ

ክረምት ሲገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አውጥቼ ስሰካው፣ ዓመቱን ሙሉ የለበሰው አቧራ መቃጠል ይጀምራል። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ይከፍታሉ። እኔ ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ። የፊልም ሽታ ነው ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አረጀች ማለታቸው ነው። እስቲ እናንተ ስሙኝና ፍረዱ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ከጎባ ወጥቼ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንግሊዝኛ አጠና ነበር፤ ከምንወስዳቸው ትምህርቶች አንዱ ፊልም ነው። ከሰዓት በኋላ ጥቁር መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል እንሰበሰባለን። ግማሹ ተማሪ የተመዘገበው ምሳውን በልቶ ሊተኛ ነበር። አምፖሉ ሲግል የፊልም ማሳያው ማሽን አቧራ ይሸታል፣ ፊልሙ በጥርሶቹ ላይ ሲያልፍ ይንጣጣል። መምህራችን ፈረንጅ ነበር። መሃል ላይ ያቆምና ምን አያችሁ ይለናል። ሴትዮዋ አዘነች ካልነው ይቆጣል፤ ያያችሁት እጇንና መስኮቱን ነው፣ ሐዘኑን የጨመራችሁበት እናንተ ናችሁ ይላል። እኔ ይህን ሰምቼ አዲስ ዓይን የበቀለልኝ መሰለኝ።

አገሬ ስገባ ለአጎቴ ነገርኩት። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የጎባ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። የሰው ልጅ ሕግ ይማራል፣ ሕክምና ይማራል፣ የእኛዋ ሥዕል ታያለች ብሎ ከተማውን አሳቀብኝ። ያልሳቀብኝ ወንድሜ ብቻ ነበር። የእኔ ታላቅ ነው፣ ወታደር። እሱ መሳቅ ሳይወድ ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሆኖ ከፈረስ ወድቆ የፊት ጥርሱ ተሸርፎ ነበርና፣ በሳቀ ቁጥር አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አድርጎ አፉን በእጁ ይከልላል። ያን ሳቁን እስከ ዛሬ በማንም ላይ አላየሁትም።

ሦስተኛ ዓመት ስጨርስ፣ ግንቦት ላይ፣ የወንድሜ መርዶ ከምሥራቅ ጠረፍ መጣ። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጎሕ ሳይቀድ የእናቴን በር አንኳኩ። እናቴ ሰማቻቸው፣ ተቀመጡ አለቻቸው፣ ከዚያ ሬሳው የታለ ብላ ጠየቀች። ሬሳ የለም፤ እዚያው በረሃ ተቀብሯል። እንግዲያው እኔም አላለቅስም አለች። የዕድሩን ድንኳን ካስማው ሳይመታ መለሰችው።

ስደርስ ቤታችን ውስጥ የሞተ ሰው አልነበረም። አልጋው ተነጥፏል፣ ካፖርቱ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። እናቴ እንዝርቷን ታሾራለች። የማታለቅስን እናት ምን ብለው ያጽናኗታል? እግዜር ያጥናሽ ቢሏት ማንን አጣሁና ትላለች። ጎረቤቱ ቀስ በቀስ በደጃችን ማለፍ ተወ። ሳታሰልስ የምትመጣው ጊኒር ከተማ የሚነግድ ሰው ሚስት፣ እስላሟ ጎረቤታችን ብቻ ነበረች፤ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጥጥ ትባዝትላታለች። እኔም ማልቀስ ሲያምረኝ ከአጥሩ ጀርባ፣ ኮሶው ዛፍ ሥር እሄድ ነበር። ቤት ውስጥ ባለቅስ ወንድሜን ዳግም የገደልኩት እኔ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። እናቴ እየመነመነች ነበር። የምትበላውን ግማሹን ለእሱ እያለች ታስቀምጣለች፤ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቶ ነጠላው እንኳ ከትከሻዋ ይንሸራተት ጀመር። ክረምቱን የምትወጣው አልመሰለኝም።

በዚህ መሃል የሲኒማ መኪና ጎባ መጣ። ወደ ማታ፣ ከባቱ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ ሳይከብድ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ለፊልሙ ማሳያ ነጭ አቡጀዲ ወጠሩ። ከቤት ትውጣልኝ ብዬ እናቴን ለምኜ ወሰድኳት። መጀመሪያ ስለ ከብት ክትባት ታየ፣ አስተርጓሚው በድምፅ ማጉያ በአማርኛም በኦሮምኛም ያስረዳል። ቀጥሎ የወታደር ሰልፍ መጣ። ካሜራው ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ቆሟል፣ ሰልፈኞቹ በአጠገቡ ያልፋሉ። አንዱን ሰልፈኛ ጓደኛው የሆነ ነገር ነገረው። አንገቱን ሰበር አድርጎ አፉን በእጁ ከለለና ሳቀ።

እናቴ ተነስታ በስሙ ጠራችው። ከኋላ ያሉት ተቀመጪ ይላሉ፤ እሷ ሰው እየረገጠች ወደ አቡጀዲው ትሄዳለች። ስትደርስ አልፎ ሄዷል።

በማግሥቱ ስነቃ ቤቱ የበሶ ሽታ ሸተተኝ። ስንቅ እያዘጋጀች ነበር። በዚያ ክረምት እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሏት አላየኋትም። ጦር ሰፈሩን ጠይቀሽ ታደርሺለታለሽ አለችኝ፤ ከስቷል፣ አይተሽዋል አይደል? አይቼዋለሁ አልኳት።

አጎቴ ሮጦ መጣ። እኔን ውጭ ጠርቶ ልጁ ሞቷል እኮ ይለኛል። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄኔ ነው። ከዚያ ያ በእኔ ሲስቅ የነበረ ሰው እጄን ያዘኝ።

«እኔ ብነግራት አታምነኝም። ይሄን ነገር የተማርሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ንገሪያት» አለኝ።

የሲኒማውን ሠራተኛ ካረፈበት ሆቴል አገኘነው። ፊልሙ ካለፈው መስከረም ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ሲዞር የከረመ መሆኑን ነገረን። ከመርዶው በፊት ማለት ነው። ነገሩን ሲሰማ ቁርሱን ትቶ ተነሳ፤ ወደ ጊኒር ከመውጣቱ በፊት ለእሷ ብቻ ሊያሳያት ቃል ገባ።

አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን። ዝናብ የነካው ሱፍ ይሸታል፣ ውጭ የመብራት ሞተሩ ያጓራል። እናቴ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የበሶውን ከረጢት ጉልበቷ ላይ ይዛዋለች። አጎቴና ጎረቤታችን ከኋላ ናቸው። ወንድሜ መጣ፣ ሳቀ፣ አለፈ። ሠራተኛው መልሶ አጠነጠነ። መጣ፣ ሳቀ፣ አለፈ። የማስረዳውን አሰናድቼ ነበር፤ ካሜራ እንዲህ ነው፣ የታየው ያለፈ ነው ልላት። በዚያ ፈንታ ሠራተኛውን ድገመው አልኩት። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ስልካቸው ላይ ፊልም በጣታቸው ወደ ኋላ ሲመልሱ አላይም፣ ፊቴን አዞራለሁ። እንደገና አሳየን። እናቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ እጁን፣ አንገቱን፣ ጓደኛውን አንድ በአንድ ታያለች።

«ያንኑ ነው የሚያደርገው» አለች በቀስታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ አንቺ ተምረሽዋል። አሁን የት ነው ያለው?»

«የለም፣ እማዬ» አልኳት።

ከረጢቱን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው። ከዚያ ከውስጧ የወጣውን ድምፅ መናገር አልችልም። ጎረቤታችን ወገቧን አቅፋ «ኦብሲ፣ ኦብሲ» ትላታለች፣ ታገሺ ማለቷ ነው፤ ራሷ ግን መታገስ አቅቷት ታለቅሳለች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። ያ ሲሸሸን የነበረው ሰፈር ክፍሉን ሞላው። በአገራችን ለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስ ይወጣል፣ ጠመንጃው ይወጣል፣ ፎቶግራፉ ይያዛል። ወንድሜ ፎቶግራፍ አልነበረውም። ሠራተኛው ግራ ተጋብቶ ላጥፋው ወይ ብሎ በእጁ ጠየቀኝ። እናቴ አየችውና ይቆይ፣ ሰው ይየው አለች። ስለዚህ አልቃሿ ስሙን እየጠራች ስታወርድ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እሱ አቡጀዲው ላይ እየመጣ ይስቃል፣ ያልፋል፣ እንደገና ይመጣል። ያ ፈረንጅ መምህሬ ገብቶ ምን አያችሁ ቢለን ምን እንል ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ሠራተኛው ጊኒር ይጠብቁት ነበርና በመጨረሻ ማሽኑን አጠፋ። ፊልሙን ጠቅልሎ በቆርቆሮ ሣጥኑ ከተተው፣ መኪናው ላይ ጫነው። እናቴ ወዴት ይወስዱታል አለችኝ። ጊኒር፣ ከዚያም ሌላ አገር አልኳት። መኪናው ሲነሳ ከኋላው መሄድ ጀመረች። ጎረቤታችን ተከተለቻት፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ። ሾፌሩ ገብቶት በሰው እርምጃ ነዳ። ጭቃውን እየረገጥን ወደ ሮቤ የሚወርደው መንገድ ጫፍ፣ ከተማው እስኪያልቅ ድረስ ሸኘነው። እዚያ መኪናው ቆመ። እናቴ ሣጥኑን በመዳፏ ዳበሰችው፣ ከዚያ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደች።

«ከዚህ በኋላ መንገዱ ክፉ ነው» አለችው። «ቀስ አድርገህ ያዝልኝ፣ ልጄ።»