የእንጦጦ ዳገትና ሚኒስትሪዬ

በደርግ ጊዜ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ። ሽሮ ሜዳን ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው አልኩ።

ያኔ ወፍራም ነበርኩ። ወፍራም ስላችሁ እንዲያው ሞላ ያልኩ አይደለም፤ የፒያሳ ልጆች "በርሜል መጣች፣ መንገድ ልቀቁ" የሚሉኝ ዓይነት። እናቴ ግን ትኮራብኝ ነበር። ሰው በተቸገረበት ዘመን የጠገበች ልጅ ማሳደግ ለእሷ ክብር ነው። ከቀበሌ በራሽን የምትመጣው ስኳር አብዛኛዋ እኔ ሻይ ውስጥ ነበር የምትገባው።

ፈረቃዬ ከሰዓት ነው። ቅቤ የጠገበ ፍርፍር በልቼ እገባና ደብተሬ ላይ ተደፍቼ እተኛለሁ። የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ሲወጣ መምህሬ እናቴን አስጠራቻት። እንዲህ ከቀጠልኩ ሚኒስትሪ እንደምወድቅና ክፍሉን እንደምደግም ቁርጡን ነገረቻት።

እናቴ "ልጄን ዓይን በልቷት ነው" አለች። ሱባዔ ያዘችልኝና ቅቤውም ስኳሩም ቀረ። ጠበል ደግሞ እሷ ዘንድ በመኪናም፣ ቀምሶም አይኬድም። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከሠራተኛ ሰፈር እስከ እንጦጦ ማርያም በእግር!

የመጀመሪያው ቀን ሽሮ ሜዳ ላይ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ራሷ እያለከለከች፣

"የያዘሽ ነገር ነው ቁጭ ያደረገሽ። ተነሽ!" አለችኝ።

ተነሳሁ።

ሱባዔው ሳያልቅ ክፍል ውስጥ መተኛት ተውኩ። ዓመቱን ሙሉ የዞረብኝ ክፍልፋይ ያኔ ገባኝ። እናቴ "ዳነችልኝ" ብላ ቅቤ ልታነጥር ተነሳች። እኔ ግን የረዳኝ ምን እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ።

"እማዬ፣ ገና አልዳንኩም" አልኳት። "ሚኒስትሪ እስክወስድ እንሄዳለን።"

ጠበል አልሄድም የምትል ሴት አይደለችም። ብርድም ሆነ ዝናብ ወጣን። ዳገቱን እየረገምኩ እወጣው ነበር፤ ግን እወጣው ነበር።

አለፍኩ! ድግስ ስጠብቅ በማግስቱ ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝ። የስለቷን ጃንጥላ ታቅፋለች። ዳገቱ ላይ ልብ ብዬ አየኋት፤ እሷም ማለክለኳ ቀርቷል።

እስክታርፍ ድረስ "ጠበሉ ነው" እንዳለች ነበር። እኔ ዳገቱም አለበት እላለሁ፤ ተከራክረን ግን አናውቅም። ዛሬም ዳገቱን እወጣዋለሁ። ብቻዬን ነኝ። ሽሮ ሜዳ ላይ ሲደክመኝ ያቺን "ተነሽ" የምትለዋን ድምፅ እጠብቃለሁ።