«ተሽሎታል፣ ሥራህን ጨርስ»

ዛሬ ማለዳ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። የማስተርስ ጽሑፏን የማማክራት የሰላማዊት ወንድም ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዶክተር፣ አባታችን ሌሊት አርፏል። ሐሙስ ጽሑፏን እስክታቀርብ ድረስ አደራዎን፣ እንዳትሰማ» አለኝ። መልሼ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት።

እኔም እዚሁ አርባ ምንጭ ማስተርሴን ስማር አባቴ እትውልድ ቀዬያችን ካምባ ታመመ። ተረበኛ ገበሬ ነበር። ምን እንደማጠና ሲጠይቀኝ፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት የሚያሳልፍ፣ ሱፐርኮንዳክተር የሚባል ነገር አለ አልኩት። «እኛ ጋ እንኳን ሳይባክን፣ ባክኖም አልደረሰ» ብሎ ሳቀብኝ።

የእኔ ሥራ ውስጡ በሚፈጠሩ አዙሪቶች ላይ ነበር። ማግኔት ሲቀርበው እንዲህ ያለው ነገር ውስጥ በዓይን የማይታዩ የማግኔት አዙሪቶች ይገባሉ። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ይገፋቸዋል፤ ከተንቀሳቀሱ ጉልበት ይባክናል። ስለዚህ ይዘው የሚያስቀሯቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበጁላቸዋል። ቀዳዳዎቹ እንደ ሙዝ ተክል በረድፍ ቢሆኑ ይሻላል? በሦስት ማዕዘን? ወይስ እንዲሁ ቢበተኑ? ይህን ነበር በኮምፒውተር የምፈትነው። የአዙሪቶቹና የቀዳዳዎቹ ቁጥር ሲገጥም ሁሉም በየቀዳዳው ጸጥ ይላል። አዙሪቶቹ ሲበዙ ግን ትርፎቹ በመሃል ይንሸራተታሉ፤ በረድፍ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ወለል ብሎ ይከፈትላቸዋል።

ስሌቱ ጥድፊያ አይወድም። አዙሪቶቹን ከሙቀት ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ካጣደፏቸው ያለ ቦታቸው ይቀራሉ። የሚያዝያ ዝናብ በጣለ ቁጥር መብራት ይሄዳል፤ እኔም እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። አጎቴ ጋ ስደውል «ተሽሎታል፣ ሥራህን ጨርስ» ይለኛል። አገናኘኝ ስለው «ተኝቷል» ይላል። መጀመሪያ «ሂድና አባትህን እይ» ያሉኝ አማካሪዬ ዶክተር ግርማም አንድ ቀን ፊቴን ሳያዩ፣ «ጨርሰህ ብትሄድ ይሻላል» አሉኝ። አከራዬ እንኳ ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ዓሣ እየጠበሰች ሳልጠይቃት ታበላኝ ጀመር። እኔ ሞኙ በልቼ ወደ ላቦራቶሪ እመለሳለሁ።

የማቀርብበት ቀን በመብራት ምክንያት ደጋግሞ ተራዘመ። በመጨረሻ ሳቀርብ አክስቴ አልማዝ ከካምባ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። የለበሰችው ቀይ ቀሚስ ሰፍቷታል፤ የሰው ልብስ ነው። ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሷ እጇን አላነሳችም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ዶክተር ግርማ፣ አጎቴና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በሬ ላይ ቆሙ። መርዶ መሆኑ ገባኝ። ከኋላቸው የቆመችው አክስቴ ሻሿን ፈታች። ለአባቴ የተላጨችው ጸጉሯ መልሶ በቅሏል።

«ምን እናድርግ ልጄ፣ መብራቱ እምቢ አለ» አለችኝ።

ካምባ ስደርስ ቀብሩም ለቅሶውም አልቆ ሰው ሁሉ እርሻው ላይ ነበር። ብቻዬን አለቀስኩ። ጎረቤቶች ዶማቸውን አስቀምጠው መጡና ትንሽ አብረውኝ ቆዩ፤ ከዚያ ዝናብ ሳይመጣ ብለው ተመለሱ። በፍቅር ነው ያደረጉት፣ አውቃለሁ። አጎቴ፣ መምህሬ፣ አከራዬ፣ ሁሉም በየቦታው ቆሞ እንዳልነቃነቅ ያዘኝ። ንዴቱ ዛሬም አልበረደልኝም። ዲግሪው ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ ቀና ብዬ አላየውም።

ለሰላማዊት ወንድም መልሼ ደወልኩለት።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ዛሬ ከሰዓት፣ እዚሁ ጫኖ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ና። መርዶውን አንተ ትነግራታለህ፤ በመኪናዬ አደርሳችኋለሁ።»

«ጽሑፏስ፣ ዶክተር?»

«እሱ ይቆያታል» አልኩት።

ላቦራቶሪ ስገባ ሰላማዊት ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። «ዶክተር፣ ሊጨርስ ትንሽ ነው የቀረው!» አለችኝ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል ወንድሟን መጠበቅ ጀመርኩ።