እውነቱን ይጻፉልኝ ያልኳቸው ሰው

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌንና ሰው ማማቴን እየደረደርኩ ይህቺን ስዘላት ኖሬአለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ለአንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው። እኔ ሰው አስበልቻለሁ። ማንም ሳይመታኝ፣ ማንም ሳያስፈራራኝ፣ አፌን ከፍቼ ሰው አስበላሁ።

ያኔ ሰበታ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። ኮሌጁ ጥናታዊ ጽሑፎች በኢንተርኔት የሚነበቡበት አገልግሎት ገዝቶ ስለነበር አለቆቼ ምን ይሻሻል የሚለውን ተጠቃሚውን እንድጠይቅ አዘዙኝ። ስም የማይጻፍበት ወረቀት በተንኩ። መልሱ ምን ሆነ መሰለህ? "በጣም ጥሩ ነው።" "ተመስገን ነው።" "በርቱ።" ገጹ ግማሽ ቀን አልከፈት ያለው ሰው ሳይቀር "በርቱ" ብሎ ጻፈ። ይሉኝታ ነው፤ እኔ በእጄ የሰጠሁት ወረቀት ላይ ማን ነቀፋ ይጽፋል? እኔ ግን ተናደድኩ። ያኔ ራሴን እውነት ወዳድ አድርጌ እቆጥር ነበር። ሳስበው ይቀፈኛል።

ኦቦ ገመቹ ከሰበታ ወዲያ ያለችው የተጂ ከተማ ሰው ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ ቅዳሜና እሁድ እኛ ዘንድ ማስተርሳቸውን ይማሩ ነበር። ጥናታቸው ከተማ ሲሰፋ መሬቱ የሚወሰድበት ገበሬ ምን እንደሚሆን ነው። እሳቸውም "ጥሩ ነው" ብለው ጽፈው ሊሰጡኝ ሲሉ ወረቀቱን መለስኩላቸው።

"አንቱም ይዋሹኛል እንዴ? እውነቱን ይጻፉልኝ እንጂ!"

"ቢከፋችሁስ?"

"ማን ያውቃል? ስም የለው።"

"በል እሺ፣ አንተ ካልክ" ብለው ሳቁና ቁጭ ብለው ጻፉ።

የጻፉትን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። "ስለ ገበሬው መሬትና ከተማውን ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተጻፈውን ሁሉ ርዕሱን ብቻ ታሳዩናላችሁ፤ ልንከፍት ስንል አይፈቀድም ይላል። ምግብ አሳይቶ መንሳት ነው። ደግሞ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሥራ እንፈታለን፤ ጽሑፎቹ ወርደው እዚህ ኮምፒውተሮች ላይ ቢቀመጡ ምናለ?" ከዚያ ሁሉ "በርቱ" መካከል የረባ አስተያየት ይኸው ብቻ ነበር። ደስ ብሎኝ ከሪፖርቴ ጋር አያይዤ ለአለቆቼ ላክሁት።

በዚያው ሰሞን በዚሁ በማስተር ፕላኑ ሰበብ ረብሻ መጣ። ጅማ መንገድ ላይ ጎማ ተቃጠለ፣ ታክሲ ቆመ፣ ወጣቶች ታፈሱ። አንድ ቀን ጠዋት ዲኑ ቢሮ ተጠራሁ። የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የኦቦ ገመቹ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው። ሻይ አዘዙልኝና "ይህን የጻፈው ማን ነው?" አሉኝ፣ በትሕትና።

ወረቀቱ ስም የለውም። አላውቅም ብል ማን ያጣራል? እኔ ግን ሁለተኛ ሳይጠይቁኝ ተናገርኩ። ስማቸውን ተናገርኩ። የሚያስተምሩበትን ትምህርት ቤት ተናገርኩ። ቅዳሜ በየትኛው በር እንደሚገቡ እንኳ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ጨምሬ ተናገርኩ። ፈርቼ ነው ልበል? ፍርሃት የተጠየቀውን ያናግር ይሆናል፤ ያልተጠየቀውን ያስለፈለፈኝ ምንድን ነው? ልወደድ ብዬ ነው። ሰዎቹ ደስ እንዲላቸው ፈልጌ ነው። ከዚያም ሻዬን አንጠፍጥፌ ጠጣሁ።

ቅዳሜ ከታክሲ ወርደው ወደ በሩ ሲመጡ ያዟቸው። በመስኮት ቆሜ አየሁ።

ይህም አልበቃኝም። ጥቂት ቆይቶ አገልግሎቱ ተሻሻለ፤ የተዘጉት ጽሑፎች ተከፈቱ፣ ብዙዎቹም ወርደው ኮምፒውተሮቹ ላይ ተቀመጡ። ሐሳቡ የማን ነው ሲባል የእኔ ነው አልኩ። በስብሰባ ተጨበጨበልኝ፣ እኔም ተነሥቼ እጅ ነሳሁ። ትፍ! እኔን ብሎ እውነት ወዳድ።

ኦቦ ገመቹ ከወራት በኋላ ተፈቱ። አንድ ቅዳሜ ገብቼ ሳይ ከስተው፣ መነጽራቸውን አጥተው፣ ፊታቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፈው ያነባሉ።

"አካም ጅርታ ልጄ! አሁን እኮ ይከፈታል! ገለቶማ" ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አብረውኝ የታሰሩት ‹ያስያዘህ ያ የላይብረሪው ልጅ ነው› ሲሉኝ ተጣላኋቸው። የእጅ ጽሕፈቴን የሚያውቅ ሞልቷል፤ እሱ አያደርገውም አልኳቸው። በልጆቼ ነው የማልኩልህ።"

እኔስ ምን አልኩ? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። ካደረግሁት ሁሉ እንደዚህ ቃል የሚያቅለሸልሸኝ የለም።

ዛሬ ጡረታ ወጥተው ተጂ ናቸው። ከሰበታ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ለማላውቅህ ለአንተ መናዘዜም ያው ፈሪነቴ ነው፤ የበደልኩት አንተን አይደለምና። ስለዚህ ይቅር በለኝ አልልህም፣ አንተም እንዳትለኝ። እኒያ ሰው ለእኔ ብለው በልጆቻቸው በሐሰት እንደማሉ እስከ ዛሬ አያውቁም።